የኮከቤ ባለ ሁለት መቆለፊያ ካቴና

ሞላሌ ላይ ሁለት ነገር ሳይጠሩት ይመጣል፤ ብርድና ወሬ። ብርዱ ከጓሳ ተራራ ይነሣል፤ ወሬው ከጠጄ ሻይ ቤት። ብርዱ እንኳ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይመለሳል፤ ወሬው ግን ምንም አያሳፍረውም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጡ ዘጠኝ ወንዶች አሉ። ሥራቸው መፍረድ ነው። የሾማቸው የለም፤ ቢሆንም ገበያ የምትወርድ አህያ እንኳ በበሩ ስታልፍ ስለ አረማመዷ ሳይፈረድባት አትሄድም።

ባለፈው ኅዳር ታዲያ ዘጠኙም አህዮቹን ትተው አንድ ጉዳይ ያዙ፤ የኮከቤን ሞተር።

ኮከቤ ፈትል ሰብሳቢ ናት። ከሞላሌ እስከ ቀየት ባለው ጋራና ሸንተረር በየጎጆው የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ሴቶች አሉ። እሷ ፈትሉን ከእጃቸው ተቀብላ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ለባና ሠሪዎቹ ታደርሳለች፤ የሚገባቸውን ደግሞ መልሳ ታመጣላቸዋለች። ድሮ አንዲት ሴት ሦስት ልቃቂት ለመሸጥ ግማሽ ቀን ወርዳ ግማሽ ቀን ትወጣ ነበር፤ ቤት ስትደርስ ልቃቂቱን የሸጠችበትን ምክንያት ረስታዋለች። ኮከቤ በሞተር መዞር ከጀመረች ወዲህ ግን ፈትሉ ደጅ ድረስ ገዢ አገኘ። ስትበር ማየት ነው! ጥላዋ ተከትሏት መድረስ አቅቶት ማታ ማታ ብቻውን ነው ቤት የሚገባው ይባላል።

ሞተሩን የገዛው ባሏ ገብረየሱስ ነበር። ገዝቶ ሳይጠግበው ታመመ። ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ ሆነች። እሱ ከኋላዋ ተቀምጦ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ «ፍሬን! ፍሬን ያዢ! ኧረ አሁን ልቀቂ!» እያለ አስተማራት። የመንጃ ትምህርቷ ይኸው ነው። ሲሞት ሁለት ነገር ተወላት፤ ቀዩን ሞተርና ታላቅ ወንድሙን ወዳጆን።

ወዳጆ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፋት ጉልበት ይጠይቃል። የሰው ነገር ደስ የማያሰኘው መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። ሞተር ሲነሣ ደንግጦ አጥር ይጠጋል፤ ቢሆንም ሦስት ዓመት ሙሉ «የወንድሜ ሞተር» እያለ ኖረ።

«ኮከቤ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ብረት ታቅፋ ጋራ ለጋራ መክነፍ ለቤተ ዘመዱ ነውር ነው» ይላታል።

«ጋሼ ወዳጆ፣ አያቴ በበቅሎ ስትሄድ ነውር አልነበረም?»

«በቅሎ እንደዚህ ትጮሃለች?»

«የርስዎን በቅሎ አልሰማኋትም መሰለኝ።»

እንዲህ ሲጓተቱ ቆይተው፣ በኅዳር መጀመሪያ ወዳጆ የፈለገው ቀን መጣለት። ኮከቤ ጆንያ ሙሉ ፈትል ጭና ወደ ከተማ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ከዳት። ዳገቱ አህያ አስለቅስ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት አህዮቹ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ከኋላ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! አለ። ሞተሩ ያገሳል፤ ጎማው አይዞርም። ጎማውን የሚያዞረው ያረጀ ካቴና እንደ ላላ መቀነት ተንዘላዝሎ ጥርሱን እየዘለለ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኮከቤን የገብስ ቃርሚያ ውስጥ አስቀመጣት። ጆንያው ተፈታ። ልቃቂቱ ሁሉ እየተተረተረ ቁልቁል ወረደ። አንደኛው ጀማ ወንዝ ደርሶ ነው የቆመው የሚሉ አሉ፤ እኔ አብሬው አልወረድኩም።

ኮከቤ አልተጎዳችም። ወሬው ግን ከእሷ በፊት ከተማ ደረሰ፤ ጠጄ ሻይ ቤት ሲገባ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ወገቧ፤ በሦስተኛው ሊቀብሯት ሲነሡ ራሷ ሞተሯን እየገፋች በበሩ አለፈች።

በማግስቱ እሑድ ወዳጆ ሰንበቴ ላይ ተነሥቶ ለሽማግሌዎቹ አመለከተ። የሞተ ወንድሙን ስም ጠራ፤ የቤተ ዘመዱን ክብር ጠራ፤ የፈሰሰውን ፈትል ጠራ። ሽማግሌዎቹ የገብስ ጠላቸውን እያረፉ ሲጠጡ ቆይተው እንዲህ ብለው ቆረጡ። በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሞተሩ ኮከቤን ይዞ አህያ አስለቅስን በራሱ ጉልበት ወጥቶ ደጀ ሰላሙ ላይ ከደረሰ የእሷ ነው፤ ካልደረሰ ወዳጆ ይውሰደው፤ በምትኩ ስምንት እናት በግ ይስጣት፤ እሷም አርፋ ትቀመጥ።

«ትስማሚያለሽ?» አሏት።

«እስማማለሁ። ከእሑድ በኋላ ግን ይህን ነገር መልሶ ያነሣ ሰው ሞተሬን በጀርባው ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወዳጆ አልሳቀም። ስምንት በግ መምረጥ ጀመረ።

አዲሱ ካቴና ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ዓርብ ጠዋት ደረሰላት፤ ዘይት በጠጣ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ እያብረቀረቀ። ይዛው በቀጥታ ምንተስኖት ዘንድ ሄደች። ምንተስኖት የሞላሌ አንድ ለእናቱ መካኒክ ነው። በሚገባ ያውቃል፤ እንደሚያውቅም ያውቃል፤ ችግሩ ይኸ ሁለተኛው ነው።

«እትዬ ኮከቤ፣ ወረፋ አለ» አላት።

ወረፋው አንዲት ጎማዋ የተነፈሰ ብስክሌትና አንድ የተኛ ድመት ነበር።

«መቼ ይደርሰኛል?»

«ሰኞ።»

«እኔ የምፈልገው ለእሑድ ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ» አለ ምንተስኖት፤ ዓይኑን ድመቱ ላይ ተክሎ። «ጋሼ ወዳጆ የክርስትና አባቴ ናቸው። ምን ላድርግ? አይፍረዱብኝ።»

«እሱ ክርስትና አነሣህ እንጂ ካቴና መግጠም አላስተማረህም። በል ቁልፎችህን አውሰኝ፤ ራሴ እገጥመዋለሁ።»

ምንተስኖት ሳቀ። ድመቱም ነቃ።

«እትዬ፣ ካቴና እኮ ልቃቂት አይደለም! እርስዎ የገጠሙት ካቴና ዳገቱ ሥር ሳይደርስ ይበጠሳል።»

«ይበጠስ» አለች ኮከቤ፤ «ግን እኔ የገጠምኩት ይበጠስ።»

ሻይ ቤቱ በዚያች ቅጽበት ሥራ በዛበት። ዘጠኙም ሞተር ነክተው አያውቁም፤ ስለዚህ ዘጠኙም ምክር ነበራቸው። አንዱ ካቴናውን ሌሊቱን ጠላ ውስጥ ዘፍዝፊው አለ። ሌላው የበግ ላት አቅልጠሽ ቀቢው አለ፤ ብትሰማው ኖሮ እሑድ ዕለት የሞላሌ ውሻ ሁሉ እየላሰ ደጀ ሰላም ድረስ ይሸኛት ነበር። ኮከቤ ስልኳ ላይ ካቴና መግጠም የሚያስተምር ቪዲዮ ከፈተች። ቪዲዮው ሲጫን ሲጫን ዋለና የአንድ ሰው አውራ ጣት አሳይቶ ቆመ። ጣቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ምንም አልነገራትም።

ቅዳሜ ማለዳ ሞተሩን ግቢዋ ውስጥ በመቆሚያው አቆመችው። የገብረየሱስን የዕቃ ከረጢት ከአልጋ ሥር ጎተተች፤ ሁለት የብሎን ቁልፍ፣ አንድ ፒንሳ፣ መዶሻ፤ በዚያ ላይ ማጭድ የምትሞርድበት ሞረድ አለ። የኋላውን ጎማ የያዘው ትልቁ ዳዶ አልፈታም አለ። ቁልፉን ሰካች፤ ቁልፉ ላይ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ሰካች፤ ቧንቧው ላይ ራሷ ወጥታ ቆመች። ዳዶው እንዲህ ብሎ ጮኸ፦ ኪይይይይ! ቀየት ላይ አንድ ቄስ ቅዳሴ ያቋረጡ ይመስለኛል።

በዚያ ጩኸት የኔታ ፍቅረ ሥላሴ በአጥሩ በር ብቅ አሉ። የኔታ የኮከቤ ጎረቤት ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ዜማ አስተምረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ቤታቸው ያረፉ ሊቅ። ለመቆጣት ነበር የመጡት።

«ልጄ ኮከቤ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቀዳሚት ሰንበት ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ ይህ የምሰማው ብረት ምንድን ነው?»

«በሬዬ ጉድጓድ ገብቶብኝ ነው፣ የኔታ። በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ ይጎተታል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

የኔታ በወንጌል ተይዘው ጢማቸውን ዳበሱ፤ ሞተሩን ዳበሱ።

«በሬው ፍሬን አልነበረውም» አሉ በመጨረሻ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «ይሁን፤ ከየት እንጎትተው?»

ጠጄም መጣች። ሻይ ቤቱን ለእህቷ ትታ፣ የሻይ ፔርሙዝ ይዛ፣ «ልያዝልሽ» ብላ ጎማው አጠገብ ተንበረከከች። ለመርዳት ትምጣ ለመዘገብ አልታወቀም፤ ምናልባት ለሁለቱም።

አዲሱ ካቴና ከወረቀቱ እንደተነበበው፣ ሁለቱን ጫፍ ከሚያጋጥመው መቆለፊያ ጋር አንድ መቶ ሃያ አንጓ ነው፤ ሞተሩ ግን ያን ሁሉ አይፈልግም። ተለክቶ መቆረጥ አለበት። ኮከቤ አሮጌውንና አዲሱን እንደ ፈትል ጎን ለጎን ዘርግታ ልትለካ ስትል የኔታ ከለከሏት።

«አሮጌው በእርጅና ተስቦ የለም? የተሳበ ነገር ሐሰተኛ ምስክር ነው። ርዝመቱን አትመኚ፤ አንጓውን ቁጠሪ።»

እውነታቸውን ነበር። መካኒክም ከዚህ የተሻለ አይመክርም። ኮከቤ አሮጌውን ካቴና ጎማው ላይ እንዳለ መቁጠር ጀመረች። ሃምሳ ላይ ስትደርስ አንዲት ጎረቤት በአጥር «ኮከቤ፣ እውነት በጎቹን ተቀበልሽ?» አለቻት። እንደ ገና ጀመረች። ሰባ ላይ ሌላዋ መጣች።

«ተይው ለእኔ» አሉ የኔታ። «አርባ አንድ እግዚኦታ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስቆጥር አንድ ቀን አልሳትኩም።»

የቤተ ክርስቲያን ሰው ቁጥሩ ጣቱ ላይ ነው። አራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት አንጓ አላቸው፤ አሥራ ሁለት። አውራ ጣት ሦስት ጊዜ ይዞርባቸዋል፤ ሠላሳ ስድስት። አምስቱ የጣት ጫፎች ሲጨመሩ አርባ አንድ። የኔታ ቀኝ እጃቸውን ለቁጥሩ፣ ግራቸውን ለካቴናው ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከመቆለፊያው ጀመሩ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ...» ጎማው ቀስ እያለ ይዞራል፤ ካቴናው በጣታቸው ሥር ያልፋል። ሞተር እንዲህ ተጸልዮበት አያውቅም። ጠጄ ሳይታወቃት ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንድ መቶ ስድስት!» አሉ የኔታ።

ከመቶ ሃያ አሥራ አራት ይቆረጥ ማለት ነው። ኮከቤ የአንጓዋን ችንካር ራስ በማጭድ ሞረዷ ፈገፈገችው፤ ምስማር ደግና በመዶሻ መታችው። ሦስት ጊዜ ጣቷን፣ አንድ ጊዜ ችንካሩን። ወለቀ። አሥራ አራቱ አንጓ እንደ እባብ ጭራ ተቆርጦ ወደቀ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ምንተስኖት ቢያይ ኖሮ ድመቱን ትቶ ይመጣ ነበር። አዲሱ ካቴና ከፊት ያለውን ትንሹን ጥርስ ዞሮ መግባት አለበት፤ ያ ጥርስ ደግሞ ክዳን ውስጥ ተደብቋል፤ እጅ አይገባም። ጠጄ «ክዳኑን ስበሪው» አለች።

«ለምን እሰብረዋለሁ?» አለች ኮከቤ። «ሸማኔው አዲስ ድር ሲያስገባ አሮጌውን ነቅሎ ይጥላል? የአሮጌውን ጭራ ትቶ አዲሱን በላዩ ይቋጥራል፤ አሮጌው አዲሱን እየጎተተ ያስገባዋል።»

የአሮጌውን ካቴና መቆለፊያ ፈታች፤ የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረች፤ ከወዲያ በኩል ቀስ ብላ ጎተተች። አሮጌው ቅባት እየለቀለቀ ወጣ፤ አዲሱ እያብረቀረቀ ተከትሎት ገባ። ጠጄ እልል አለች።

እልልታው አጥሩን ሳያልፍ ቆመ። ሁለቱ ጫፎች አልተገናኙም። ኮከቤ ጎማውን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፋችው። ሦስት ጣት ጎደለ። የኔታ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ሦስት ጣት። ጠጄም ለካችው፤ ሦስት ጣት ሆነ፤ ብርጭቆዋን አነሣችና «ሻይ ቤቱን ልየው፤ መጣሁ» አለች።

«ጠጄ፣ ከዚህ በር ወሬ ይዘሽ እንዳትወጪ!»

«እኔ? እኔ ምን ወሬ አውቃለሁ እቴ!»

ፔርሙዙ ሳይቀዘቅዝ ወዳጆ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር።

«ኮከቤ፣ ካቴናው አጠረ አሉ።»

«አጥሯል፣ ጋሼ ወዳጆ።»

«ምን ይደረግ እንግዲህ፤ የእግዜር ፈቃድ ነው። በጎቹን መርጫለሁ። ሁለቱ ርጉዝ ናቸው። ከእንግዲህ ቤትሽ አርፈሽ...»

«እርስዎ ለምን ደስ እንዳለዎት ይገባኛል» አለች ኮከቤ፤ ከቅባቱ የጠቆረ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። «የጋራው ሴቶች ከነገ ወዲያ ፈትላቸውን ይዘው እያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ሲወርዱ ግን ደስ ብሎዎት ቆመው ይዩዋቸው። አሁን ከብርሃኔ ላይ ገለል ይበሉልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

ወዳጆ ገለል አለ። ሩቅ ግን አልሄደም።

«የኔታ፣ እስቲ እንደ ገና ይቁጠሩ» አለች፤ አሮጌውን ካቴና መሬት ላይ ዘርግታ።

የኔታ ቆጠሩ። «አንድ መቶ ስድስት! ይኸው! አልሳትኩም!»

ኮከቤ ግን በዚህኛው ጊዜ የምታየው አፋቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር። አርባ አንደኛው «እግዚኦ» ሲያልቅ የየኔታ አፍ ልማዱ ነውና ወደ እመቤታችን ይሻገራል፤ «በእንተ እግዝእትነ ማርያም መሐረነ ክርስቶስ» ሦስት ጊዜ ይላል። ቀኝ እጃቸው ያን ጊዜ መቁጠር ያቆማል፤ ለአዲስ ዙር ይዘጋጃል። ግራ እጃቸው ግን አያቆምም። ጸሎቱን ተከትላ ካቴናው ላይ መሄዷን ትቀጥላለች። ሦስት አንጓ በመጀመሪያው ዙር፣ ሦስት አንጓ በሁለተኛው፣ ሳይቆጠሩ ያልፋሉ።

«የኔታ፣ ስድስት አንጓ ለእመቤታችን ሰጥተውብኛል።»

ነገሩን ስታሳያቸው ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ሃምሳ ዓመት» አሉ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ እጄ ያለ ፈቃዴ ስትሄድ ኖራለች። እኔ ነኝ ሞተርሽን ያስወሰድኩብሽ።»

«ማንም አልወሰደውም!» አለች ኮከቤ። መጀመሪያ ያሰበችው ማልቀስ ነበር፤ ልቅሶው ሲመጣ ሳቅ ቀደመው። እስክታነባ ሳቀች። የኔታም ፈርተው ፈርተው ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ ካቴናው አሁንም አጭር ነበር። የተቆረጠ ብረት በጸሎት አይበቅልም። ሌላ ካቴና ደብረ ብርሃን ነው፤ አውቶቡሱ ሄዷል። ኮከቤ የቆረጠችውን አሥራ አራት አንጓ አነሣች፤ ወዲያ ወዲህ አገላበጠችው። ቢቀጠልስ? ለመቀጠል ሁለት መጋጠሚያ ያስፈልጋል፤ ሁለት መቆለፊያ። ከአዲሱ ጋር የመጣው አንድ ነው። ሁለተኛውን ከየት ታምጣ? ዓይኗ መሬት ላይ የተጣለው አሮጌ ካቴና ላይ አረፈ። ያረጀው አንጓው ነው፤ መቆለፊያውስ?

ፈታ አወጣችው፤ በላምባ አጠበችው፤ የዓሣ ቅርጽ ያላት ትንሽ ማጥበቂያው ገና ጥብቅ ነበረች። ከቁራጩ አምስት አንጓ ሞርዳ ለየች። አንደኛውን ጫፍ በአዲሱ መቆለፊያ፣ ሌላኛውን በአሮጌው አጋጠመች። ያለ መቆለፊያው መቶ አምስት፣ የተጨመረው አምስት፣ ሁለቱ መቆለፊያዎች፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ የኔታ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው አዳመጡ፤ እንዳይጸልዩባት።

ማጥበቂያዎቹ የሚገቡበት መንገድ አለ። የዓሣዋ ራስ ካቴናው ወደሚሄድበት፣ የተከፈተው ጭራዋ ወደ ኋላ መዞር አለበት፤ ተገልብጣ ከገባች መንገድ ላይ ትስፈነጠራለች። ኮከቤ ይህን ማንም አልነገራትም፤ ዓሣ ወደ ኋላ ሲዋኝ አይታ ስለማታውቅ ብቻ ራሱን ወደ ፊት አደረገችው። ካቴናው በጣት ሲነካ ሁለት ጣት ያህል እንዲወዛወዝ ጎማውን ሳበች፤ ዳዶውን ቧንቧዋ ላይ ቆማ አጠበቀች፤ በዶሮ ላባ ዘይት ቀባችው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ወዳጆ ሁሉንም ከሩቅ አይቶ ቤቱ ገባ። ራቱን አልበላም ተብሏል፤ ይህን እንኳ ጠጄ ናት ያለችው።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ምእመኑ ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየ። ያን ቀን ጠበል ለመውሰድ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ቢኖር ሞተር የማያይ ዓይነ ስውር ብቻ ነው፤ እሱም ሊሰማ መጥቷል። ዘጠኙ የሻይ ቤት ዳኞች ከፊት ተሰልፈዋል። ምንተስኖት በአንድ በኩል፣ ወዳጆ በሌላው፤ ስምንቱ በጎች በአንድ ገመድ ታስረው ከኋላው።

ከታች ሞተሩ ተነሣ። ዱ! ዱ! ዱ! ኮከቤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ጎንበስ ብላ መጣች። የዳገቱን ሥር አለፈች። ምንተስኖት «አሁን» አለ ቀስ ብሎ። አልተበጠሰም። እኩሌታው ላይ፣ ቃርሚያው ውስጥ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ድምፁን ቀነሰ፤ ከብዶት ሊቆም ምንም አልቀረውም። ዘጠኙ ዳኞች እንኳ አፋቸውን ዘጉ፤ በሞላሌ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ኮከቤ ማርሹን ቀነሰች፤ እጀታውን ጠመዘዘች፤ ቀጭ የሚል ነገር ጠበቀች። ቀጭ አላለም። ጎማው ጠጠሩን ወደ ኋላ እየረጨ ጨበጠ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ደጀ ሰላሙ ፊት ደርሶ ቆመ። ኮከቤ አጠፋችው፤ ወረደች፤ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳለመች፤ ከዚያ ዞር አለች።

«ደረስኩ» አለች።

«ቆይ!» አለ ወዳጆ። «ምንተስኖት፣ እየው። እየውና ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ይህ ካቴና ሁለት ቦታ የተቀጠለ ነው!»

ምንተስኖት ጎንበስ አለ። ጎማውን በእጁ አዞረ። አንደኛውን መቆለፊያ አየ፤ ሁለተኛውን አየ። የክርስትና አባቱ ከላዩ ይተነፍሳል። ዓሣዎቹን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። የሚያውቅ ሰው ያወቀውን ሲያይ መዋሸት ያቅተዋል፤ ይህ የመካኒክ ደካማ ጎኑ ነው።

«ሁለት መቆለፊያ አለው» አለ ቀና ብሎ። «ሁለቱም በትክክል ገብተዋል። ጥብቀቱም ልኩ ነው።»

«ግን ተቀጥሏል!» አለ ወዳጆ። «አዲስ ካቴና ይቀጠላል?»

የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ሰዉን ከፍለው ወጡ። «ያሳጠርኩት እኔ ነኝ» አሉ በዜማ መምህር ድምፅ፤ የገደሉ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። «ስቆጥር መሐሉ ላይ ወደ እመቤታችን ተሻገርኩ። ስለ ስድስቱ አንጓ የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በትራቸውን መሬት መትተው ዝም አሰኙት።

«ወዳጆ፣ የኛ ቃል ዳገቱን ይውጣ እንጂ በስንት መቆለፊያ ይውጣ አላለም። ወጥቷል። ሞተሩ የኮከቤ ነው። በጎችህን ይዘህ ግባ።»

ወዳጆ ገመዱን ይዞ ቆሞ ቀረ። ፊቱ እንደ ማለዳ ውርጭ ነጥቷል። አንድ ቃል ግን ቀርቶት ነበር፤ ቃል የማያጣ ሰው ነው።

«ይበጠሳል! ዛሬ ባይሆን ነገ፤ ነገ ባይሆን ከገና በፊት ይበጠሳል!»

ኮከቤ ሞተሯ ላይ ወጣች። ከኋላ የታሰረውን ባዶ ጆንያ ጠበቅ አደረገች፤ የቀየት መንገድ ሴቶች ሳምንት ሙሉ ፈትላቸውን ቆልለው እየጠበቋት ነበር።

«ይበጠስ እንጂ፣ ጋሼ ወዳጆ» አለች። «ብረት ነው፤ ይበጠሳል። እኔ ደግሞ እገጥመዋለሁ።»

ሞተሩን ስታስነሣው በጎቹ ደነገጡ። ስምንቱም በአንድ ገመድ፣ ወዳጆም በገመዱ ጫፍ፣ አህያ አስለቅስን ቁልቁል ወረዱ፤ እሷ ደግሞ በላይኛው መንገድ ወደ ቀየት ታጠፈች።